ሳይቃጠል በቅጠል፤ ኩፍኝን ሽፍታው ሳይወጣ ስለ ማወቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የተነገረው ሕመሙን እያወቀ ለሚሰውር ሰው ነው። በዚህ ወር የምንጽፍለት በሽታ ግን ሰው ባይደብቀውም ራሱን በራሱ የሚደብቅ ነው። ይኸውም ኩፍኝ ነው። ኩፍኝ ወደ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት የሚገባው በራሱ መልክ ሳይሆን የጕንፋን ልብስ ለብሶ ነው፤ ልብሱን ጥሎ በእውነተኛ መልኩ በታየ ጊዜ ግን ከሥራው የሚበዛውን ፈጽሟል።

ብዙ ወላጆች ኩፍኝን ልጅ ሆኖ የማይቀር ዕዳ አድርገው ይቈጥሩታል። «እኛም ወጥቶብን ነበር፤ ይኸው አድገናል» ይላሉ። የሚሉት ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እንዲህ ብሎ ለመናገር የበቃው ከበሽታው የዳነው ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ያልዳነው ሊመሰክር አልቻለም። ክትባቱ በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ከመዋሉና በዓለም ከመስፋፋቱ በፊት ኩፍኝ በየዓመቱ 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይገድል እንደ ነበር የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ክትባቱ ከተስፋፋ በኋላም ቢሆን በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 107,500 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደ ሞቱ ተገምቷል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ያልተከተቡ ወይም ክትባታቸውን ያልፈጸሙ፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። በአገራችንም በሽታው ገና አልጠፋም።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ በዚህ ጽሑፍ ሐኪም እንድትሆኑ አንጠይቃችሁም። ይሁን እንጂ ልጁን ከሐኪሙ አስቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ጠዋት ዐይኑ መቅላቱን፣ ድምፁ መጐርነኑን፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጡን የሚያይ መምህሩ ነው። ስለዚህ ምን ማየትና ምን ማድረግ እንደሚገባችሁ፣ ይህም ለምን በቀኖች ብቻ ሳይሆን በሰዓቶች የሚቈጠር ነገር እንደ ሆነ ከዚህ በታች እናብራራለን።

የበሽታው ጠባይ

ኩፍኝን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል፣ በተራ ማጉያ መነጽር እንኳ የማይታይ እጅግ ረቂቅ ነገር ነው። የሚገባው በአፍንጫና በጕሮሮ፣ የሚወጣውም በሳል፣ በማስነጠስና በትንፋሽ ነው። ሽፍታው በቆዳ ላይ ስለሚታይ ብዙ ሰው የቆዳ በሽታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መንገዱ የመተንፈሻ አካል ነው። ሕመምተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ በአየሩ ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ በበሽታው ለመያዝ ከሕመምተኛው ጋር መነካካትም ሆነ ፊት ለፊት መነጋገር የግድ አያስፈልግም፤ እርሱ የተነፈሰበትን ክፍል መተንፈስ ይበቃል።

ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ በፍጥነት ኩፍኝን የሚወዳደሩት ጥቂቶች ናቸው። ክትባት ያልተከተቡና በሽታውም ከዚህ በፊት ያልያዛቸው ዐሥር ልጆች ከአንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ጋር በቅርብ ቢውሉ ዘጠኙ ያህል ይያዛሉ። መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል አንድ ሕመምተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ሊያስተላልፍ ይችላል። መስኮቱ ተዘግቶ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስትና አራት ልጆች ተጠጋግተው የሚቀመጡበት የመማሪያ ክፍል ለዚህ በሽታ ምን ያህል የተመቸ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ሊፈርድ ይችላል።

ዐሥራ አራቱ ቀኖች

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ዐሥር ቀን ያህል ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቈያል። ልጁ ይጫወታል፤ ይበላል፤ ይማራል። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ይነሣል፤ ሳል፣ የሚፈስ ንፍጥ፣ የዐይን መቅላትና ማልቀስ ይከተላሉ። ይህ ክፍለ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀን የሚቈይ ሲሆን፣ የሚያየው ሁሉ «ብርድ መታው» ብሎ የሚያልፈው ይህንኑ ነው። በመጨረሻም ቫይረሱ ከገባ በዐሥራ አራተኛው ቀን ገደማ ሽፍታው ከጆሮ ኋላና ከፀጕር መብቀያ ላይ ይጀምርና ወደ ፊት፣ ወደ አንገት፣ ወደ ደረት፣ ቀጥሎም ወደ እጅና ወደ እግር ይወርዳል።

አሁን አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው። ሕመምተኛው በሽታውን ለሌላ ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን ያህል በፊት ነው፤ ማስተላለፉንም ሽፍታው ከወጣ በኋላ እስከ አራት ቀን ድረስ ይቀጥላል። እንግዲህ ሽፍታውን አይቶ «ኩፍኝ ነው» የሚል ሰው አራት ቀን ዘግይቷል ማለት ነው። በእነዚህ አራት ቀኖች ውስጥ ልጁ ትምህርት ቤት ውሎ ሊሆን ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሄዶ፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ከታናናሾቹም ጋር በአንድ አልጋ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ከደሴት የተገኘ ትምህርት

የእነዚህ ቀኖች ቍጥር እንዴት እንደ ታወቀ መናገር ለመምህራን በተለይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የተገኘው በውድ መሣሪያ ሳይሆን ጠይቆ በመመዝገብ ነው።

በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የፋሮ ደሴቶች የሚባሉ አሉ፤ የዴንማርክ መንግሥት ግዛት ናቸው። በ1846 እ.ኤ.አ. ከኮፐንሃገን በመርከብ የመጣ አንድ ሠራተኛ ኩፍኝን ይዞ ገባ። በሽታው በደሴቶቹ ላይ ከታየ 65 ዓመት አልፎ ስለ ነበር መከላከያ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ከ7,782 ነዋሪዎች መካከል 6,000 ያህሉ በወራት ውስጥ ታመሙ። መንግሥት ከላካቸው ሁለት ወጣት ሐኪሞች አንዱ ፔተር ሉድቪግ ፓኑም በዚያን ጊዜ የ25 ዓመት ሰው ነበረ። ከመንደር ወደ መንደር በጀልባ እየተጓዘ «ማን ታመመ? ሽፍታው የወጣው በየትኛው ቀን ነው? ከዚያ በፊት ከማን ጋር ተገናኝቶ ነበር?» እያለ ይጠይቅና ይጽፍ ነበር።

ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ቲዮርኑቪክ ከምትባል መንደር ዐሥር ሰዎች በአንዲት ጀልባ ሆነው ሰኔ 4 ቀን 1846 እ.ኤ.አ. ወደ ቬስትማና ለዓሣ ነባሪ አደን ሄዱ፤ በዚያም ከብዙ ሰው ጋር ተቀላቅለው ተመለሱ። በዚያው ወር በ18ኛው ቀን በዐሥሩም ላይ ሽፍታ ወጣ። ይኸውም ልክ ዐሥራ አራት ቀን ነው። ፓኑም እንዲህ ያለውን ማስረጃ ከብዙ መንደር ሰብስቦ፣ ኩፍኝ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ እንጂ ከአየር ጠባይ የሚነሣ እንዳልሆነ አስረዳ፤ ከ65 ዓመት በፊት በልጅነታቸው የታመሙ ሽማግሌዎችም ዳግመኛ እንዳልተያዙ አስተዋለ።

መምህራን ሆይ፣ የፓኑም መሣሪያ በየክፍላችሁ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ እርሱም የተማሪዎች መቅሪያ መዝገብ ነው። በአንድ ልጅ ላይ ሽፍታ በታየ ጊዜ ዐሥራ አራት ቀን ወደ ኋላ ቢቈጠር በሽታው ከወዴት እንደ መጣ ፍንጭ ይገኛል፤ ወደ ፊት ቢቈጠር ቀጣዮቹ ሕመምተኞች የሚታዩበት ሳምንት ይታወቃል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ክፍል ሦስትና አራት ልጆች «በጕንፋን» ከቀሩ፣ ነገሩን ለአጋጣሚ መተው አይገባም።

በአፍ ውስጥ ያለው ምልክት

የኩፍኝን ጕንፋን ከሌላው ጕንፋን የሚለይ አንድ ምልክት አለ። በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ሄንሪ ኮፕሊክ በ1896 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ ሽፍታው ከመውጣቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት በጕንጭ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በመንጋጋ ጥርሶች አንጻር፣ ጥቃቅን ነጫጭ ነቍጦች ይታያሉ። በቀይ ጨርቅ ላይ የተበተነ የጨው ቅንጣት ይመስላሉ። ይህን ምልክት ያየ ባለሙያ የሽፍታውን መውጣት መጠበቅ አያሻውም። ነገር ግን ነቍጦቹ በሁሉም ሕመምተኞች ላይ አይታዩም፤ ቶሎም ይጠፋሉ። ስለዚህ አለመታየታቸው ልጁ ኩፍኝ እንደሌለበት ማረጋገጫ አይሆንም። አፍን ከፍቶ መመርመርም የጤና ባለሙያ ሥራ እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም፤ የመምህሩ ሥራ ልጁን በጊዜው ወደ ባለሙያው ማድረስ ነው።

ፈንጣጣና ኩፍኝ

ከሺህ ዓመት በፊት የኖረው የፋርስ ሐኪም አል ራዚ ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ የሚያሳይ መጽሐፍ ጽፏል። ሁለቱ በሽታዎች በስም ተጠጋግተው ይነሡ እንጂ ዕጣቸው ተለያይቷል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ይህ ሊሆን የቻለበት አንዱ ምክንያት የፈንጣጣ ሕመምተኛ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት በሽታውን ለሌላ እምብዛም የማያስተላልፍ በመሆኑ ነው። የሕመምተኛ ሥዕል ይዘው በየመንደሩ የሚዞሩት ሠራተኞች ሽፍታውን ባዩበት ቦታ ፈጥነው ለጎረቤቱ ሁሉ ክትባት በመስጠት በሽታውን ይቀድሙት ነበር።

ኩፍኝ ግን እንዲህ ላለው አሠራር አይመችም። ሽፍታው ሲታይ በሽታው አስቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ በኩፍኝ ላይ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛው ከበሽታው አስቀድሞ ሕፃናትን ሁሉ መከተብ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሽታው አምልጦ በገባ ጊዜ በጕንፋን መልክ ሳለ መጠርጠር ነው።

መምህሩ ምን ይመልከት?

ጠዋት ስም በሚጠራበት ጊዜ የሚከተሉትን ምልክቶች ማስተዋል አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

1ኛ. ሰውነቱ የሚያቃጥልና የደከመ ልጅ፤

2ኛ. ደረቅ ሳል ያለው፣ ንፍጡ የሚፈስ ልጅ፤

3ኛ. ዐይኑ የቀላና የሚያለቅስ፣ ብርሃን ሲያይ የሚጨፍን ወይም ፊቱን ወደ ጥላ የሚያዞር ልጅ፤

4ኛ. እነዚህ ምልክቶች በአንድነት ታይተውበት፣ ክትባት ስለ መከተቡ ማስረጃ የሌለው ወይም በቤቱና በሰፈሩ ኩፍኝ የታየበት ልጅ።

ተራ ጕንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛ ትኩሳት የለውም፤ ከጥቂት ቀኖችም በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። የኩፍኝ ትኩሳት ግን ቀን በቀን እየጨመረ ይሄዳል፤ ዐይኑም አብሮ ይቀላል። ትኩሳት፣ ሳልና የዐይን መቅላት በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ መጠርጠር ይገባል።

ስለ ሽፍታውም አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ መጻሕፍት የኩፍኝ ሽፍታ «ቀይ» ተብሎ ተጽፏል። በጠይምና በጥቍር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በዐይን ከመፈለግ ይልቅ ግንባሩንና ከጆሮው ኋላ ያለውን ቆዳ በብርሃን አንጻር መመልከት ይሻላል፤ ቆዳው ሻካራና ጕጥ ጕጥ ያለ ሆኖ ይታያል። ኩፍኝ ውሃ አይቋጥርም፤ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ያለበት ልጅ ጕድፍ የተባለው ሌላ በሽታ ሊሆንበት ይችላል። እርሱም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ከሰኞ እስከ ዐርብ

የጊዜው ነገር በግልጽ ይታይ ዘንድ አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። በአንድ ከተማ ኩፍኝ ታይቷል እንበል። ስድሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ሰኞ ጠዋት እያሳለና ዐይኑ ቀልቶ ይመጣል። በቤቱ የሰባት ወር እኅት አለችው። ከክፍሉ ልጆች ዐሥሩ ክትባት አልተከተቡም።

መምህሩ «ጕንፋን ነው፤ ትምህርት ከሚያመልጠው ይቀመጥ» ቢሉ፣ ልጁ እስከ ሐሙስ ድረስ ከጓደኞቹ ጋር ይውላል፤ ማታ ማታም ከእኅቱ ጋር ያድራል። ዐርብ ሽፍታው ይወጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን አንድ በር ተዘግቷል። የኩፍኝ ክትባት ለበሽታው ለተጋለጠ ሰው ከተጋለጠበት ጊዜ አንሥቶ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ በሽታውን ሊከላከል ወይም ሊያቀልል ይችላል። ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ሲቈጠር 72ቱ ሰዓት የሚያልቀው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሽፍታው ደግሞ የታየው ዐርብ ነው። ከዚያ በኋላ መከተብ ለቀጣዩ ጊዜ ይጠቅማል፤ ሰኞ ለገባው ግን አይደርስም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልተከተቡት ዐሥር ልጆች ብዙዎቹ ይቀራሉ፤ የሰባት ወሯ ሕፃንም ትታመማለች።

አሁን ሌላውን መንገድ እንመልከት። መምህሯ ሰኞ ጠዋት ልጁን ጠርተው በእጃቸው ግንባሩን ይነካሉ፤ ለዲሬክተሩ አስታውቀው፣ ወላጁን አስጠርተው አጭር ማስታወሻ ጽፈው ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩታል። መስኮቱንም ያስከፍታሉ። የጤና ባለሙያውም በከተማው ኩፍኝ መኖሩን ስለሚያውቅ ልጁ ከቤት እንዳይወጣ ያዝዛል፤ ረቡዕ ተመልሶ ሲያየው በጕንጩ ውስጥ ነጫጩን ነቍጥ ያገኛል። ሐሙስ ማለዳ የክፍሉ ልጆች የክትባት ካርድ ታይቶ ዐሥሩ ይከተባሉ። የሰባት ወሯም ሕፃን ትከተባለች፤ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ከስድስት ወር ጀምሮ ያሉ ሕፃናት ተጨማሪ ክትባት እንዲያገኙ ሊታዘዝ ይችላልና። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድም ልጅ አይታመምም ብለን ተስፋ አንሰጥም። ነገር ግን በመጀመሪያው መንገድ የጠፋው ጊዜ በሁለተኛው ተገኝቷል፤ ያስገኘውም አንድ እጅ ግንባር ላይ መቀመጡና አንድ ማስታወሻ መጻፉ ነው።

ልጁን ወደ ቤት መላክ ቅጣት እንዳልሆነ ለእርሱም ለጓደኞቹም በቀስታ መናገር ያስፈልጋል። በልጆች ፊት «በሽታ አመጣህ» ማለት በሚቀጥለው ጊዜ ሌላው ልጅ ሕመሙን እንዲደብቅ ያስተምራል። ኩፍኝ መሆኑ የተጠረጠረ ልጅ ሽፍታው ከወጣ አራት ቀን እስኪያልፍ ድረስ ትምህርት ቤት መግባት የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ደኅና ከሆነ ሊመለስ ይችላል።

የተጠረጠረ ሕመምተኛ በተገኘ ጊዜ የጤና ባለሙያው ጥቂት ደም ወስዶ ለላቦራቶሪ ምርመራ ይልካል። ይህም በአንድ ከተማ ያለው በሽታ በእርግጥ ኩፍኝ መሆኑን ለማረጋገጥ ይረዳል። ደሙ ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ውስጥ ከተወሰደ ምርመራው በሽታው እያለ ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ልጁን ከሌሎች ለመለየትና ለመርዳት የላቦራቶሪውን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም።

በቤት ውስጥ

በአንዳንድ ቤት ኩፍኝ የያዘውን ልጅ በጨለማ ክፍል ማስተኛት፣ ከሰውም መሰወር፣ «መርፌ ይጐዳዋል» ብሎ ወደ ሐኪም ከመውሰድ መከልከል የቈየ ልማድ ነው። ከዚህ ልማድ ውስጥ በጎው ክፍል አለ። የልጁ ዐይን ስለሚታመም ደብዘዝ ያለ ብርሃን ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ከሰው መለየቱም ሌሎችን ያድናል። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን መስኮቱን ዘግቶ አየር መከልከል፣ ምግብንና የጡት ወተትን መቀነስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሕክምና መሰወር ልጁን ይጐዳዋል።

ኩፍኝን ራሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ፔኒሲሊንና የመሳሰሉትም በቫይረሱ ላይ አይሠሩም። ይሁን እንጂ ልጅን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ከኩፍኝ ጋር ተከትለው የሚመጡት የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና የአንጎል መቈጣት ናቸው። ከሃያ ሕመምተኛ ልጆች አንዱ ያህል የሳንባ ምች ይይዘዋል፤ ከሺህ አንዱ ያህል አንጎሉ ይቈጣል። ምግብ በጐደለውና ሕክምና በማይገኝበት ቦታ ከመቶ ሕመምተኞች እስከ ዐሥር ሊሞቱ ይችላሉ። የዐይን መታወርና የጆሮ መደንቈርም ከኩፍኝ ይመጣሉ። ከዚህም በላይ ኩፍኝ ሰውነት ከዚህ በፊት ያወቃቸውን ሌሎች በሽታዎች የሚከላከልበትን ትዝታ ስለሚያጠፋ፣ ልጁ ከዳነ በኋላም ለብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት፣ ለሌላ በሽታ የተጋለጠ ይሆናል።

ስለዚህ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሁሉ ጤና ጣቢያ ታይቶ ቪታሚን ኤ ሊሰጠው ይገባል። የሚሰጠውም በሁለት ተከታታይ ቀኖች ነው፤ መጠኑን እንደ ልጁ ዕድሜ የጤና ባለሙያው ይወስናል። ይህ ርካሽ መድኃኒት ዐይንን ከመታወር፣ ሕፃንንም ከሞት ለማዳን የሚረዳ መሆኑ ተረጋግጧል። በቤትም ፈሳሽ ነገር ደጋግሞ ማጠጣት፣ የሚጠባውን አለማስጣል፣ ለስላሳ ምግብ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መስጠት፣ ዐይኑን በንጹሕ ጨርቅና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ማጽዳት ይገባል። በዐይን ላይ ቅጠል መጭመቅ ወይም ሌላ ነገር ማድረግ ግን ለዕውርነት ሊዳርግ ይችላል።

ትንፋሹ የፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ከእንቅልፉ ለመንቃት የሚያስቸግር፣ ወይም የዐይኑ ብሌን የደፈረሰ ልጅ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ስለ ክትባቱ

በአገራችን የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ሲሞላው፣ ሁለተኛው ዐሥራ አምስት ወር ሲሞላው። ሁለተኛው ክትባት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። «አንድ ጊዜ ተከትቧል፤ ይበቃዋል» የሚል ወላጅ አለ። በዘጠኝ ወር ከሚከተቡት መቶ ሕፃናት ውስጥ መከላከያ የሚያገኙት 85 ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት 15 የትኞቹ እንደ ሆኑ በዐይን አይለይም። ሁለተኛው ክትባት የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። በአንድ ከተማ ኩፍኝ እንዳይሰራጭ ለማድረግ ከመቶ 95 ያህሉ ሰው መከላከያ ያለው መሆን ይኖርበታል። ሌላው በሙሉ ሲከተብ፣ ገና ዘጠኝ ወር ያልሞላው ሕፃንም በጎረቤቶቹ ክትባት ይጠበቃል።

ወረርሽኝ ተነሥቶ በስድስትና በዘጠኝ ወር መካከል ተጨማሪ ክትባት የወሰደ ሕፃን በዘጠኝና በዐሥራ አምስት ወር ሁለቱን ዳግመኛ መውሰድ እንዳለበት ወላጆች እንዳይዘነጉ እናሳስባለን። መምህራንም በምዝገባ ጊዜ የልደት ማስረጃ እንደሚጠይቁ ሁሉ የክትባት ካርድንም እንዲያዩ፣ የሌላቸውንም ልጆች ስም ለብቻ ጽፈው እንዲይዙ እንመክራለን። በሽታው በመጣ ቀን ያ የስም ዝርዝር ከ72ቱ ሰዓቶች ውስጥ ብዙውን ያተርፋል።

በማጠቃለያው

ኩፍኝ በሚገባበት ቤት ብዙውን ጊዜ የሚታመመው ተማሪ ይድናል፤ ከባድ ዋጋ የሚከፍለው ግን ክትባቱ ዘንድ ገና ያልደረሰው ታናሹ ነው። መምህሩ ያን ሕፃን አይቶት አያውቅም፤ ስሙም በመዝገቡ ላይ የለም። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት በክፍሉ ውስጥ የሚያደርገው ነገር ወደዚያ ሕፃን አልጋ ድረስ ይደርሳል።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ መምህር ለባልደረባው፣ ያነበበ ወላጅም ማንበብ ለማይችል ጎረቤቱ እንዲነግር አደራ እንላለን። በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ የስልክ ቍጥር ዛሬውኑ ጠይቃችሁ በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ነገ ጠዋትም ስም ስትጠሩ «አቤት» የሚለውን ድምፅ ብቻ አትስሙ፤ ዐይኑንም ቀና ብላችሁ እዩ።